አብላርን ማርባት፦ ሰንጠረዡን ዝጊና «አለ»ን እና «ነበር»ን ያዢ

እህቴ ጥያቄሽን መጀመሪያ ልድገመው፣ ሌላም ሰው ሲያነበው እንዲገባው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ኩሽና ነው የምትሰሪው፣ አብረውሽ ያሉት አብዛኞቹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው፣ ስልክሽ ላይ አፕ ጭነሽ ስፓኒሽ ጀመርሽ፣ «አብላር» ማለትም መናገር የሚለውን ግስ ስትነኪው ከመቶ በላይ ቃል የታጨቀበት ሰንጠረዥ ተዘረገፈልሽና «ይሄን ሁሉ ልሸመድድ ነው?» አልሽ። ደሞ አፑ «ቱ አብላስ» (አንቺ ትናገሪያለሽ) ሲል ልጆቹ ግን ቃሉን መጨረሻው ላይ ጫን ብለው «ቦስ አብላስ» ስለሚሉ ማን እንደተሳሳተ ማወቅ ፈለግሽ። በመጨረሻም እዛ ያሉትን ትልቅ ሴትዮ በምን ዓይነት ግስ እንደምታናግሪያቸው ጠየቅሽ።

አትሸምድጂ። እኔ ሸምድጄ ስለተማርኩ ነው እንዲህ የምልሽ። ስፓኒሽ የለመድኩት ኩባ ነው፣ በደርግ ጊዜ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ ወደምትባለው ደሴት ከተላኩት በሺ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነኝ፣ ግማሽ ቀን ክላስ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ ነበር፣ እና ተሰልፈን ወደ እርሻው ስንሄድ «አብሎ አብላስ አብላ» እያልን እንደ መዝሙር እንዘምረው ነበር። ሰንጠረዡን አንድ ሳልስት አውቀው ነበር ግን ሱቅ ገብቼ አንዲት ቃል ስፈልግ ከላይ ጀምሬ በሆዴ እስክቆጥር ባለሱቁ ሌላ ሰው አስተናግዶ ይጨርሳል። አማርኛዬ ራሱ መንገዱን እንደሚያውቀው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ማስተማር ስጀምር ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናሳንሰው። የሰንጠረዡ ግማሽ ገደማ ጥምር ነው፣ «አቤር» የሚባል ረዳት ግስ ሲደመር «አብላዶ» ነው በቃ፣ ወደሱ እመጣለሁ። «ቦሶትሮስ» የሚለው ረድፍ የስፔን «እናንተ» ነው፣ አሜሪካ አህጉር ላይ በወሬ ማንም አይጠቀምበትም ዝለዪው። በ«ሬ» የሚያልቅ ግን መጨረሻው ላይ ጫን የማይባልበት የወደፊት ነገር ታያለሽ (ኋላ የምናየው ተራው የወደፊት ሌላ ነው)፣ እሱ ዛሬ የህግ ወረቀትና የድሮ ምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ነው ያለው፣ ዝለዪው። «አብላሴ» እና «አብላራ» ሁለቱም አንድ ስራ ነው የሚሰሩት ስለዚ አንዱ ይበቃሻል። ምን ቀረ? 7 ጊዜ በ5 ሰው፣ 35 ቃል። ከነሱም ውስጥ በአራቱ ጊዜ «እኔ» እና «እሱ» አንድ ዓይነት ቃል ስለሆኑ ወደ 31 ይወርዳል።

አሁን ግሱ ራሱ። አማርኛ ላይ «ተናገርኩ» ስትዪ «እኔ» ማለት አያስፈልግሽም አይደል፣ ኩ ውስጥ አለሽ። ስፓኒሽም እንደዛው ነው፣ ባለቤቱ ጭራው ላይ ነው ያለው፦ አብሎ (እናገራለሁ)፣ አብላስ (ትናገሪያለሽ)፣ አብላ (ይናገራል)፣ አብላሞስ (እንናገራለን)፣ አብላን (ይናገራሉ)። ጭራዎቹን እያቸው፣ «ስ» አንቺ ናት፣ «ሞስ» እኛ፣ «ን» እነሱ፣ እሱና እሷ ምንም ጭራ የላቸውም፣ እና ይሄ ነገር በሁሉም ጊዜ ማለት ይቻላል አይቀየርም። አንድ ትልቅ እረፍት ደግሞ ልንገርሽ፣ አንተና አንቺን እሱና እሷን ግሱ አይለይም፣ ትናገራለህ ትናገሪያለሽ እያልን ያደግን ሰዎች ይሄንን በነፃ አገኘነው። («ስ»ን ኩቦች ይውጧታል፣ እኔም ከነሱ ስለለመድኩ እውጣታለሁ፣ ለዛ ነው የኩባ ሰው «ቱ» የምትለዋን ቃል ቶሎ ቶሎ ሲጨምር የምትሰሚው፣ አለበለዚያ አንቺ ትሁኚ እሱ አይታወቅም።)

ከዚህ በኋላ ግን ጆሮሽን ጣል አድርጊ ምክንያቱም እኛ የምንወድቅበት ቦታ እዚህ ነው። አማርኛ ላይ «አለ» ስንፅፍ ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖር ነው፣ ፊደሉ አይነግርሽም፣ አንባቢው ያውቃል። ስፓኒሽ ላይ ማጥበቅ ሳይሆን ድምፁን ጫን የምትዪበት ቦታ ነው ትርጉሙን የሚገለብጠው። ጫን የምትዪበት ፊደል ኋላ ይቺን ´ ምልክት ላድርግልሽ፦ አ´ብሎ እናገራለሁ ነው፣ አብሎ´ ግን ተናገረ ነው። ባለቤቱም ጊዜውም ተቀየረ! አንድ ጊዜ ተማሪዬ የነበረች ልጅ ለአለቃዋ «እኔ አናግረዋለሁ» ለማለት ፈልጋ ጫናውን መጨረሻው ላይ አሳርፋው «እሱ ተናገረ» ሆኖባት ማን ተናገረ ምን ተናገረ ተብሎ ኩሽናው ሙሉ ተተራመሰ። ስፓኞች ሲፅፉ ከፊደሉ አናት ላይ ትንሽ ጭረት ያደርጋሉ፣ በዚህ ከኛ ይሻላሉ፣ ስለዚ አፑ ላይ ያቺን ጭረት እንደ ዝንብ ኩስ አትያት፣ ቃሉ ማለት እሷ ናት።

እሺ አሁን ወደ ዋናው። «አቤር» የሚባለው ረዳት ግስ ያንቺው «አለ» ነው። እንዲያው ለማመሳሰል ብዬ አይደለም፣ «አይ» ስትሰሚ፣ «አይ ሴቦያ?» ሽንኩርት አለ? ማለት ነው አይደል፣ ያ «አይ» ከአቤር የመጣ ነው። አሁን «እናገራለሁ» የምንለውን ፍለጪው፣ እናገር ሲደመር አለሁ ነው። ስፓኒሽ የወደፊቱን የሰራው በዚሁ መንገድ ነው፣ ዋናውን ግስ አብላርን ሳይነካ እንዳለ ወስዶ የአቤርን «ኤ፣ አስ፣ አ፣ ኤሞስ፣ አን» ኋላው ላይ ለጠፈበት፦ አብላሬ´፣ አብላራ´ስ፣ አብላራ´፣ አብላሬ´ሞስ፣ አብላራ´ን። ጫናው ሁሌም የተለጠፈው አለ ላይ ነው። ጥምሩ ደሞ አለን ከፊት ያመጣዋል፦ ኤ አብላዶ ማለት ተናግሬአለሁ፣ ተናግሬ ሲደመር አለሁ፣ ቦታው ነው የተገለበጠው እንጂ ዕቃው ያው ነው። የአቤርን ያለፈ ስትወስጂ፣ «አቢ´ያ»ን፣ ነበር አገኘሽ፦ አቢ´ያ አብላዶ፣ ተናግሬ ነበር። አቢያ ደሞ ጭራዋ «ኢያ» ብቻ ተቆርጣ አብላር ላይ ስትለጠፍ አብላሪ´ያ ትሆናለች፣ እናገር ነበር፣ ማለት ሁኔታው ቢፈቅድ ኖሮ። ስለዚ አለን በነበር መቀየር ከቻልሽ፣ ያንን ደሞ ከሁለት ዓመትሽ ጀምሮ ትችያለሽ፣ የወደፊቱ፣ የይሆን ነበሩ እና ጥምሮቹ በሙሉ በአንድ እጅ ገቡልሽ።

ስለ አጠቃቀሙ ሁለት ነገር ብቻ። የወደፊቱን አብላሬን ወሬ ላይ ብዙ አትሰሚውም፣ «ቦይ አ አብላር» ነው የሚሉት፣ ልናገር ነው እንደምንለው። አብላራ´ን የምትሰሚው ይልቅ ግምት ላይ ነው፣ «አብላራ´ ኢንግሌስ?» እንግሊዝኛ ይናገር ይሆን? እንደማለት። ኤ አብላዶን ደግሞ ስፔን ያለ ሰው ዛሬ ለሆነ ነገር ሁሉ ይጠቀምበታል፣ ያንቺ ልጆች ግን ዛሬም ትናንትም ቢሆን ባላለቀ ነገር ላይ ካልሆነ ቀጥታ ያለፈውን ነው የሚሉት፣ ስለዚ አትቸገሪበት።

ያለፈው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አማርኛ እዚህ ጋ ይረዳሽና ወዲያው ደሞ ጉድጓድ ይከትሻል። ሁለት ያለፈ ጊዜ አለ። አንዱ ያለቀ የተዘጋ ነገር ነው፣ ተናገርኩ፦ አብሌ´፣ አብላ´ስቴ፣ አብሎ´፣ አብላ´ሞስ፣ አብላ´ሮን። (እዚህ ጋ ብቻ ነው አንቺ «ስ» ጭራዋን የምታጣው፣ እኛ ደግሞ ከአሁኑ ጊዜ ጋር አንድ ቃል ነው፣ ከወሬው ትለይዋለሽ።) ሌላው ሲካሄድ የነበረ ወይም ድሮ ይለመድ የነበረ ነው፣ «ባ»ን ብቻ ሰካ ማድረግ ነው፦ አብላ´ባ፣ አብላ´ባስ፣ አብላ´ባ፣ አብላ´ባሞስ፣ አብላ´ባን። «ዮ አብላ´ባ ፖር ቴሌ´ፎኖ ኢ ኤል ኼ´ፌ ኤንትሮ´»፣ ስልክ እያወራሁ ነበር አለቃው ገባ። ማውራቱ ተዘርግቶ ተኝቷል፣ መግባቱ አንዴ ዱብ አለ። ኤንትራርም እንደ አብላር ነው የሚረባው፣ ኤንትሮ´ን አብሎ´ ላይ ደርቢውና እይው።

ጉድጓዱ የቱ ነው? እኛ «እናገር ነበር» የምንለው ለሁለት ነገር ነው። «ልጅ ሆኜ ኦሮምኛ እናገር ነበር» እና «ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ እናገር ነበር»፣ በአማርኛ አንድ ቃል፣ በስፓኒሽ ግን የመጀመሪያው አብላ´ባ ሁለተኛው አብላሪ´ያ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ስህተት ሲሰራ ከአስር ሰባቱ እዚህ ጋ ነው እላለሁ፣ የቆጠርኩት ባይሆንም ቀይ እስክሪብቶዬ ያውቃል። መለያው ቀላል ነው፣ ከፊቱ «ድሮ» ማስገባት ከቻልሽ አብላባ ነው፣ አረፍተ ነገሩ ውስጥ «ኖሮ» ካለ ወይም ሊኖር የሚችል ከሆነ አብላሪያ ነው።

የስያሜው ነገር እንዳያደናግርሽ ደሞ አፑ ኢምፔርፌክቶ የሚለውን (አብላ´ባን) የሜክሲኮ መማሪያ ኮፕሬቴሪቶ ሲለው ታያለሽ፣ ቬኔዝዌላ ተወልዶ ቺሌ የኖረው አንድሬስ ቤዮ በ1847 ባሳተመው ሰዋስው ያወጣው ስም ነው፣ ነገሩ አንድ ነው።

ሁሉም ሰው የሚፈራው «ሱብኹንቲቦ» ላይ ደረስን። በአማርኛ ስም የለውም ሲሉ እሰማለሁ፣ እንዴ! የቅኔ ቤት ተማሪ እኮ ግስ ሲያወርድ «ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» ይላል፣ ገደለ፣ ይገድላል፣ ይገድል ዘንድ፣ ይግደል፣ ሦስተኛዋ ስሟ ዘንድ አንቀጽ ነው። ያቺ ናት። ዘንዷና ትእዛዟ አንድ ዓይነት ቃል መሆናቸውንም ልብ በይልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

አሰራሩ አናባቢ መለዋወጥ ነው። አብላር በ«አ» የሚኖር ግስ ስለሆነ ዘንድ ሲሆን «ኤ» ይሆናል፦ አ´ብሌ፣ አ´ብሌስ፣ አ´ብሌ፣ አብሌ´ሞስ፣ አ´ብሌን። (አ´ብሌ ልናገር፣ አብሌ´ ተናገርኩ፣ አሁንም ጭረቷ!) መቼ እንደምትጠቀሚበት ደሞ አማርኛሽ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለው። «እንድትናገሪ እፈልጋለሁ» እና «እንደምትናገሪ አውቃለሁ» እንላለን። እንዲ- እና እንደሚ-። እንዲ- ባልሽበት ቦታ ስፓኒሽ ዘንድ ይፈልጋል፦ «ኪዬ´ሮ ኬ አ´ብሌስ»። እንደሚ- ባልሽበት ደሞ ተራውን፦ «ሴ´ ኬ አ´ብላስ»። ፍላጎት፣ ትእዛዝ፣ ልመና፣ ምክር፣ ተስፋ፣ ብዙውን ጊዜ በዚህ ቁልፍ ይከፈታል። ሁሌ ይሰራል ብዬ ግን አልዋሽሽም፣ «የሚናገር አይመስለኝም» ስትዪ እንዲ- የለበትም ግን «ኖ ክሬ´ዮ ኬ አ´ብሌ» ነው፣ ጥርጣሬ ስላለበት። ገና ላልሆነ ነገርም «ሲናገር እነግርሻለሁ» ዓይነቱ ላይ «ኩዋንዶ አ´ብሌ» ነው። እነዚህን ሁለቱን ለብቻ ያዢያቸው።

ያለፈው ዘንድ ደግሞ ከ«አብላሮን» ይወጣል፣ ሮንን ትቆርጪና ራ ታደርጊያለሽ፦ አብላ´ራ፣ አብላ´ራስ፣ አብላ´ራ፣ አብላ´ራሞስ፣ አብላ´ራን። ይሄ የኛ «ብናገር ኖሮ» ነው፣ እና ከአብላሪያ ጋር እየተጠማመደ ነው የሚሄደው፦ «ሲ አብላ´ራ ኤስፓኞ´ል፣ ትራባኻሪ´ያ ኮን ሎስ ክሊዬ´ንቴስ»፣ ስፓኒሽ ብናገር ኖሮ ከደንበኞች ጋር እሰራ ነበር። «ሲ» (ብ-) ያለበት ጎን ራ፣ ነበር ያለበት ጎን ሪያ። አብላራ´ ከሚለው የወደፊት ጋር እንዳትቀላቅዪው፣ ፊደሉ አንድ ሆኖ ጫናው ብቻ ነው የሚለየው፣ እዚህ ጋ እኔም ስቸኩል እስታለሁ።

በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁት እንደ ኮሜር (መብላት) እና ቢቢር (መኖር) ዓይነቶቹ ያው ስርዓት ናቸው፣ አናባቢው ነው የሚገለበጠው፣ ዘንዳቸው በ«አ» ነው፦ ኮ´ማ፣ ቢ´ባ። «ባ»ም ለነሱ «ኢያ» ትሆናለች፦ ኮሚ´ያ፣ እበላ ነበር። ግዕዝ 8 የግስ አርእስት አለው፣ ስፓኒሽ 3 ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን አብላርን ካወቅሽ አብዛኛውን አወቅሽ ምክንያቱም አዲስ ግስ ሁሉ የሚገባው በአር በር ነው። ፓርኪንግ የሚሰሩ የኛ ልጆች «ፓርኬያር» ሲባል ይሰማሉ፣ መኪና ማቆም፣ ከእንግሊዝኛ ገብቶ ወዲያው ፓርኬ´ዮ፣ ፓርኬ´ያስ፣ ፓርኬ´ያ ተብሎ እንደ አብላር ረባ። ኩሽናሽም ውስጥ ላባር (ማጠብ)፣ ኮርታር (መቁረጥ)፣ ሊምፒያር (ማፅዳት)፣ ትራባኻር (መስራት) ሁሉም አብላር ናቸው፣ ኮርቶ´ ቆረጠ፣ ላባ´ባ ያጥብ ነበር፣ እጅሽ ስራ ላይ እያለ አፍሽ ያርባ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ማንም አልተሳሳተም። «ቦስ» ኤል ሳልቫዶር፣ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ሌላም ብዙ ቦታ በጓደኛ መሀል ያለው «አንተ/አንቺ» ነው፣ አፑ ያስተማረሽ ቱ የሜክሲኮ፣ የኩባና የስፔን ነው። እንደውም የቦስ ይቀላል፦ አብላር ላይ ያለችውን ር በ ስ ቀይሪያት ጫናውን እዛው ተዪው፣ አብላ´ስ። ኮሜ´ስ፣ ቢቢ´ስ። ትእዛዙ ደሞ ር ን መጣል ብቻ ነው፦ አብላ´! (ተናገር)፣ ላባ´! ኮርታ´! ቀኑን ሙሉ የምትሰሚው ይሄንን ነው ብዬ እገምታለሁ፣ አፑ ግን አ´ብላ ላ´ባ ኮ´ርታ ብሎ ስላስተማረሽ የተቆጡሽ ይመስልሻል፣ አልተቆጡሽም። ያለፈው ላይ ቱም ቦስም አብላ´ስቴ ናቸው፣ አንዳንዱ ስ ይጨምርበታል አንቺ አትጨምሪ። መናገር ከፈለግሽ በቱ ብትዪም ይገባቸዋል ግን ከነሱ ጋር የምትውዪ ከሆነ ቦስን ልመጂ፣ አፑን ለማስደሰት ብለሽ አንደበትሽን ከጓደኞችሽ አትለዪ።

«አታድርግ» ሲሆን ትእዛዙ ቅርፁን ይቀይራል፣ ይሄም ለኛ እንግዳ አይደለም፣ ተናገር እንላለን እንጂ «አትተናገር» አንልም፣ አትናገር ነው። ስፓኒሽም አ´ብላን ጥሎ ዘንዷን ይጠራል፦ ኖ አ´ብሌስ። በቦስ ደሞ ልጆቹ ኖ አብሌ´ስ ሲሉ ትሰሚያለሽ።

ትልቋ ሴትዮ ጋ ስንደርስ ቱም ቦስም ተዪያቸው፣ «ኡስቴድ» በያቸው። ቃሉ ከድሮ «ቡዌስትራ ሜርሴድ» የመጣ ነው፣ ጌትነትዎ እንደማለት ያለ የማዕረግ አጠራር ስለነበር ግሱ እንደ ሩቅ ሰው ነው የሚረባው፦ ኡስቴድ አ´ብላ፣ ልክ እንደ «እሱ»። እኛም እርስዎ ስንል ግሱን ከእነሱ ነው የምንዋሰው፣ እርስዎ ይናገራሉ፣ እነሱ ይናገራሉ። የሳልቫዶር ሰው ኡስቴድን በጣም ይወዳል፣ ለትልቅ ሰው ብቻ አይደለም ለማያውቀውም ይላል፣ ስለዚ ከተጠራጠርሽ ኡስቴድ በይ አትጎጂም። እና ሴትዮዋ ቶሎ ቶሎ ሲያወሩብሽ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ ለማለት «አ´ብሌ ማስ ዴስፓ´ሲዮ፣ ፖር ፋቦር፣ ሴኞ´ራ» ነው የምትዪው። ያቺ አ´ብሌ ዘንዷ ናት፣ ትእዛዝ ሆና መጣች፣ በቅኔ ቤቱ ይቅትል ሁለቴ እንደተባለችው። አንቺም በአማርኛ ለሳቸው «ተናገሪ» አትዪም፣ «ይናገሩ» ነው የምትዪው።